መጣሁ ብሎ የሄደው

ከሰኞ ጀምሮ በደኑ የጥበቃና የነፍስ አድን ማዕከል ሬዲዮ ላይ ሰላምታ ቀረ።

ትእዛዙን ያወጣችው የማዕከሉ ኃላፊ ናት። ጉዳዩ አጭር ነው፦ በሬዲዮ ቦታ፣ ሁኔታና የሚፈለገው እርዳታ ብቻ ይነገራል፤ ሰላምታና ጨዋታ ክልክል ነው። በትልልቅ ፊደል አትማ ከግድግዳው ካርታ አጠገብ ለጠፈችው። ጥግ ጥጉን በመዳፏ ተጭና ዞር ስትል፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ጋሼ ሰላምታ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። መልሰው አደረጉት፤ ማስታወቂያውን አነበቡ፤ እንደገና አነበቡና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«እሺ» አሉ። «እንዳዘዙ።»

ኃላፊዋን ያስደነገጣት «እሺ» ማለታቸው ሳይሆን «እንዳዘዙ» ማለታቸው ነው። እዚህ ክፍል ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጋሼ «አንቺ ልጅ» እንጂ ሌላ ብለዋት አያውቁም። ኃላፊ ሆና ስትሾም እንኳ «አንቺ ልጅ፣ እንግዲህ አለቃዬ ሆንሽ፤ ወንበሩ እንዳያሳብጥሽ» ነበር ያሏት። አሁን በአንድ ቃል «እርስዎ» አደረጓት። ስልክ ተቀባይዋ ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸውና ቶሎ ወደ ጠረጴዛዋ አጎነበሰች።

«ጋሼ ሰላምታ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው የደን ጠባቂዎቹ ናቸው። ጋሼ በሬዲዮ የጠራቸውን ሰው ሁሉ ስለ አዳሩ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወገቡ ሕመም ሳይጠይቁ አይለቁም። አንዳንዱ ጠባቂ ደኑ ውስጥ ለብቻው ስለሚያድር፣ የሰው ድምፅ የሚሰማው በዚያች ሬዲዮ ብቻ ነው። ኃላፊዋም ይህን ታውቃለች። ግን መስመሩ አንድ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው መግባት አይችልም። ባለፈው ሳምንት ጋሼ የአንዱን ጠባቂ አማት የዓይን ቀዶ ጥገና እየጠየቁ ሳሉ፣ ሌላ ጠባቂ ወንዝ የወሰደው ሕፃን ይዞ መስመር እስኪለቀቅለት ቆሞ ነበር። ሕፃኑ ተርፏል። ጠባቂው ግን ማታ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ መጥቶ «መስመሩ ተይዞብኝ ነበር» አላት። አልተቆጣም፤ እንዲሁ ነገራት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልያዛትም።

ጋሼን ለብቻቸው ጠርታ ብታነጋግራቸው ይሻል ነበር። ፊት ለፊት መናገር ስለሚከብዳት ግን ወረቀት ለጠፈች።

ማዕከሉ ከአስፋልቱ ማብቂያ ላይ የተሠራ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ከኋላው ጄኔሬተሩና የአንቴናው ምሰሶ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደን፣ ገደልና ጭጋግ ነው። በዋናው ክፍል ውስጥ የሬዲዮው፣ የስልኩና የኃላፊዋ ጠረጴዛዎች አሉ። የእጅ ስልኮች በር ላይ ባለው ሣጥን ተቆልፈው ይውላሉ፤ ይህም የእሷ ደንብ ነው። ግድግዳውን የሞላው ካርታ ላይ እያንዳንዱ መኪና የራሱ ቀለም ያለው ማግኔት አለው። ጠባቂዎቹ ያሉበትን በሬዲዮ ሲናገሩ፣ ጋሼ ተነስተው ማግኔቱን ይገፉታል። ስልክ የሚደውለው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ መንገድ የጠፋበት ተጓዥ አለ፣ ንብ የነደፈው አለ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ የገባበት አለ። አንድ ጊዜም «አንድ አውሬ ቆሞ እያየኝ ነው፤ እኔም ቆሜ እያየሁት ነው፤ ማን ይቅደም?» ያለ ሰው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የኃላፊዋ ታናሽ ወንድም ወደ እሳት ማማው ወጣ።

ወንድሟ የደን ጠባቂ ነው፤ እስከ ትናንት እረፍት ላይ ስለነበረ ስለ አዲሱ ትእዛዝ ገና አልሰማም። ከቁመቱ የተነሳ በሬዲዮ መጠሪያው «ረጅሙ» ሆነ። ቤት ውስጥ «እትዬ» የሚላትን እህቱን እዚህ «አለቃ» ይላታል፤ ያንንም ሳይስቅ አይለውም። የእሳት ማማው ከጋራው አናት ላይ የቆመ የብረት መወጣጫ ነው። በደረቁ ወራት በየቀኑ አንድ ሰው ይወጣበትና ከየትኛው ሸለቆ ጭስ እንደሚነሳ ይቃኛል። የረጅሙ የእጅ ሬዲዮ ባትሪ አልይዝ ብሎ ለጥገና ስለሄደ፣ ይዞት የወጣው የመኪናውን ሬዲዮ ብቻ ነበር።

«ማዕከል፣ ረጅሙ ነኝ» አለ ረፋዱ ላይ። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«ቦታህን ተናገር።»

«ሁለተኛው ድልድይ ጋ ነኝ። ሁሉ ሰላም ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ተቀብያለሁ።»

ማማው ሥር ደርሶ እንደገና ጠራ። ቦታውን ከነገራቸው በኋላ «ጉልበትዎስ ጋሼ? ትናንት ብርዱ ከባድ ነበር» አላቸው።

«ተቀብያለሁ።»

«ጉልበታቸውን ነው የተቀበሉት?» አለች ስልክ ተቀባይዋ በለሆሳስ። ማንም አልሳቀም።

የኮረፈ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ጨው አነሰው ሳይል እንደሚበላ፣ ጋሼም ትእዛዙን የሚፈጽሙት እንዲያ ነበር። አንድ ቃል አያጎድሉም፤ አንድ ቃል አይጨምሩም። ኃላፊዋ ምንም ስህተት ልታገኝባቸው አልቻለችም። ያቃጠላትም ይኸው ነው። «ጋሼ፣ እንደዚህ ማለቴ እኮ አይደለም» ለማለት ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ስታሰናዳ ቆይታለች።

በምሳ ሰዓት ጋሼ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ብቻቸውን ከጄኔሬተሩ ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጡ። እሷ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ እስከ በሩ ሄደች። ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የተቀመጡት፤ እግሯን የሰሙ መሰላት፤ ግን አልዞሩም። በሩ ላይ ትንሽ ቆመችና ተመለሰች። አንዱን ሻይ ጠጣችው። ሌላው ጠረጴዛዋ ላይ ቀዘቀዘ።

ከምሳ በኋላ ሬዲዮው አንድ ጊዜ ተናገረ።

«ማዕከል፣ መጣሁ።»

«ተቀብያለሁ» አሉ ጋሼ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ሰማያዊውን ማግኔት ከማማው አንስተው ቁልቁል በሚመጣው መንገድ ላይ አደረጉት። ኃላፊዋ ከጠረጴዛዋ ሆና አየቻቸው። ወንድሜ ለሻይ ሰዓት ይደርሳል ብላ አሰበችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጭጋጉ ከሸለቆው ተነስቶ መጀመሪያ የአንቴናውን ምሰሶ ጫፍ ዋጠ፤ ቀጥሎ ምሰሶውን፤ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆሙትን መኪናዎች። ከአንዲት ተጓዥ ስልክ ተደወለ፤ ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎታል። እሱን የሚያመጣ ሰው ሲፈለግ፣ ከየት በኩል እንደሚቀርብ ሲታሰብ፣ ጊዜው ሄደ። ስልክ ተቀባይዋ የመስኮቱን መስታወት በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ውጭ አየች።

«አለቃ፣ ረጅሙ ገብቷል እንዴ? መኪናውን አላየሁትም።»

ኃላፊዋ ካርታውን አየች። ማግኔቱ መንገዱ ላይ ነው። ጋሼ ቀድመዋት ማይክራፎኑን ይዘዋል።

«ረጅሙ፣ ማዕከል ነው። ቦታህን ተናገር።»

ሬዲዮው እንደ ዝናብ ሾ ብሎ ዝም አለ።

«ረጅሙ፣ ማዕከል ነው።»

ደግመው፣ ሠልሰው ጠሩ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንተ ልጅ፣ እባክህ መልስልኝ።»

ስልክ ተቀባይዋ ሳትታዘዝ በጠረጴዛው ስልክ የእጅ ስልኩን ሞከረች። ጥሪ ከማይደርስበት ቦታ ነው ያለው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማማው ባለበት በኩል ኔትወርክ የሚባል የለም። ኃላፊዋ የነፍስ አድን ቡድኑን ጠራች።

የቡድኑ መሪ «ቀስ በሉ» ይባላል። ቃሬዛ ሲነሳም ሲወርድም፣ ሰው ሲሮጥም «ቀስ በሉ» ስለሚል ነው። የዝናብ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ ካርታው ፊት ቆመ። ያለው አንድ መኪና ነው፤ ሌላው ቁርጭምጭሚቱ የወለመውን ሊያመጣ ወጥቷል። ሊመሽም ነው። ወደ ማማው የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጠባቂዎቹ የሚመላለሱበት ጠመዝማዛው ነው፤ ረጅም ነው፣ ኩርባው ሁሉ ከገደል አፍ ላይ ነው። ሌላው በጅረቱ በኩል በቀጥታ የሚወጣ አቋራጭ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ቀስ በሉ። «መጣሁ ብሎ ተነስቷል። ጭጋጉ መንገድ ላይ ያዘው። ከኩርባዎቹ በአንዱ ወርዶ ይሆናል። በጠመዝማዛው እወጣለሁ፤ እያንዳንዷን ኩርባ ወርጄ አያለሁ።»

«ማማው ላይ ከሆነስ?»

«ማማው ላይ ከሆነማ በሬዲዮ ይመልስልን ነበር።»

«ኩርባ ኩርባውን እያየህ እስክትወጣ ይመሻል።»

«ይመሻል» አለ። «በአቋራጩ ወጥቼ ካጣሁት ደግሞ፣ ኩርባው ሥር ያለ ሰው ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ብርዱን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ትናንት ጠዋት የመኪናዎቹ መስታወት ላይ የተጋገረው በረዶ በቢላ ነው የተፋቀው። መላክ የምትችለው ወደ አንዱ ብቻ ነው።

«ያለውን በትክክል እንስማው» አለች። የሬዲዮው ንግግር ሁሉ ስለሚቀዳ፣ ጋሼ የከሰዓቱን ፈልገው ከፈቱላት።

«ማዕከል፣ መጣሁ።»

«ተቀብያለሁ።»

ይኸው ነው። ከጋሼ ድምፅ በኋላ አንድ የሚዘጋ በር ይሰማል።

«የመኪና በር ነው» አለ ቀስ በሉ። «ገብቶ ዘጋ። ሊነዳ ነው።»

«ወይም ወጥቶ ዘጋ» አለች።

«ድገሙልኝ ጋሼ።»

ደገሙላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «መ» የምትለዋ ቀለል ብላ ትነሳለች፤ «ሁ» የምትለዋ ግማሽዋ የለችም። ማይክራፎኑን ከአፉ እያራቀ፣ ፊቱን እያዞረ ነው የሚናገረው። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ይህን ድምፅ የምታውቀው ከዚህ ክፍል አይደለም። ወንድሟ ገና ልጅ ሳለ፣ አንድ እግሩን ከደጃፉ ውጭ አድርጎ «እማዬ፣ መጣሁ» ይል ነበር። ይልና ይጠፋል። ሲመሽ ጉልበቱ ተልጦ ይመለሳል። እናታቸው በሩ ላይ ቆማ «የአንተ መጣሁ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለው ነበር። ሰው ሁሉ ይህን ይላል፤ ከወንበሩ ተነስቶ የሚወጣ ሰው «መጣሁ» ብሎ ነው የሚሄደው። አሁን እመለሳለሁ ማለቱ ነው። ወደ ቤት የሚመጣ ሰው «መጣሁ» ሲል ድምፁ ይሞላል፤ ሲሄድ ግን እንዲህ ይበላዋል።

«ወደ እኛ እየመጣ አይደለም» አለች። «ከመኪናው ወርዶ እየሄደ ነው። ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ ነው ያለው።»

«በአንድ ቃል?»

«በአንድ ቃል።»

ቀስ በሉ ትክ ብሎ አያት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥያቄውንም ሊያቆስላት ብሎ አልጠየቃትም። «ይሄን የሚለው አለቅነትሽ ነው ወይስ እህትነትሽ?»

ተሳስታ ከሆነ ከኩርባው ሥር የሚያድረው ወንድሟ ነው፤ ለእናቷ ሄዳ የምትነግረውም ራሷ ናት።

«አላውቅም» አለች። «በአቋራጩ ውጡ።»

ቀስ በሉ ኮፍያውን አጠለቀ። ከወጣ በኋላ መኪናው ሲነሳ ተሰማ፤ ጭጋጉም ቶሎ ድምፁን ዋጠው።

ጋሼ ከሬዲዮው ፊት ሳይነቃነቁ ተቀምጠው ነበር። «አልጠየቅሁትም» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሁልጊዜ መጣሁ ሲለኝ፣ መጣህ ወይስ ሄድክ እለው ነበር። ይስቃል፤ ከዚያ የሚሄድበትን ይነግረኛል። ዛሬም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ትእዛዝ ነው ብዬ አይደለም። በኩርፊያ ነው።»

መጣህ ወይስ ሄድክ። ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ማስታወቂያውን ስትጽፍም ከሚከለከሉት አንዱ ብላ በልቧ የያዘችው እሱኑ ነበር።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች። «ማግኔቱን ሲገፉት አይቻለሁ። መጣ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

«ከዚህ ወንበር ተነስ ካሉኝ እነሳለሁ።»

«አይነሱ፤ ድምፅዎን ያውቀዋል።»

ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። በየጊዜው ማይክራፎኑን ተጭነው ይጠሩታል፤ ሬዲዮውም ሾ ይላል። ስልክ ተቀባይዋ መብራቱን አበራች። በመሃል አንድ ሰው ደውሎ ድንኳን የሚከራይበትን ጠየቃት፤ ድምፅዋን ሳትቀይር መለሰችለት። ኃላፊዋ ራሷ መኪና ፈልጋ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ከወንበሯ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜም ተመልሳ ተቀመጠች። እሷ ከወጣች ማዕከሉን የሚይዝ የለም። ከካርታው ፊት ቆማ አቋራጩን በጣቷ ተከተለችው። ጣቷ ለመድረስ አፍታም አልፈጀበትም።

«ማዕከል፣ ማማው ሥር ነን» አለ የቀስ በሉ ድምፅ።

ሁለቱም ማይክራፎኑን ሊይዙ እኩል እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ለቀቁላት።

«ቀጥል።»

«መኪናው እዚህ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ነው። እሱ የለም። ማማው ላይም ወጥተን አይተናል። ተጣርተናል። ጭጋጉ እጃችንን አያሳየንም፤ ወዴት እንሂድ?»

ከኩርባው ሥር አይደለም። በዚህ ቅጽበት ልትደሰት የሚገባት መስሏት ነበር። ግን ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ነው። ጃኬቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ቅርብ ቦታ ነው የሚሄደው፤ ፀሐይም አለ ብሎ ነው የሚሄደው። ያለ ሬዲዮ፣ ያለ ጃኬት፣ ለትንሽ ጊዜ። ወዴት?

«የስልኩ ድንጋይ» አሉ ጋሼ።

«ምን?»

«ከማማው ጀርባ ወረድ ብሎ አለት አለ። በዚያ በኩል ኔትወርክ የሚይዘው እሱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ጫፉ ላይ ቆመሽ ስልኩን ከፍ ካደረግሽ። ጠባቂዎቹ ሚስቶቻቸውን የሚያወሩት እዚያ ሆነው ነው።» ሳያስቡት «ቆመሽ» ብለዋት እንደነበር አንዳቸውም ልብ አላሉም።

ኃላፊዋ ወደ በሩ ሮጠች። የእጅ ስልኮቹን ሣጥን ከፈተች። ስልኳን አወጣችው። ያልተመለሰ ጥሪ አለ፤ ከወንድሟ፤ ከምሳ በኋላ።

«ድንጋዩ ላይ ነበር» አለች ተመልሳ ማይክራፎኑን እየያዘች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ከማማው ጀርባ ውረዱ። አለቱን ታገኛላችሁ። ከሥሩ ፈልጉ።»

«ተቀብያለሁ» አለ ቀስ በሉ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ይዘውት ነበር፤ ግን አልጠረጉትም። ስልክ ተቀባይዋ ስልክ እንዳይጠራባት የፈራች ይመስል እጇን እጀታው ላይ ጭናለች። ኃላፊዋ ስለ እናቷ አሰበች። አሁን ልብስ እያጣጠፈች ይሆናል። ረጅሙ ሲመሽ እንጂ እንደማይመጣ ስለለመደች ገና አትጨነቅም።

ሬዲዮው ጫ አለ።

«አለ» አለ ቀስ በሉ። ሁልጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ያን ጊዜ ግን ቃላቱ ተጣደፉበት። «ከአለቱ ሥር ስንጥቅ ውስጥ ነው። እግሩ ተሰብሯል፤ በጣም በርዶታል። አእምሮው ደህና ነው። ይናገራል። እንዲያውም ዝም በል ብለነው እምቢ ብሏል።»

ኃላፊዋ ሁለቱን መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ማስታወቂያውን የለጠፈች ዕለት ወረቀቱን እንደተጫነችው። እንባዋ ሲመጣ ፊቷን ወደ ካርታው አዞረች። ስልክ ተቀባይዋ ለሐኪም ቤቱ ደወለችና እግር የተሰበረ ሰው እየመጣ መሆኑን በደንቡ መሠረት፣ ቦታና ሁኔታ ብቻ፣ ነገረቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ ግን ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋሼ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጧት፤ «ንጹህ ነው» አሉ።

ቃሬዛውን ከስንጥቁ ማውጣት፣ ወደ መኪናው መሸከም፣ ሁሉም «ቀስ በሉ» እየተባለ ነው። ሲጨርሱ መሽቷል። በመጨረሻ ሬዲዮው ተናገረ።

«ማዕከል፣ መጣን።»

ጋሼ ማይክራፎኑ ላይ እጃቸውን አኖሩ። አልተጫኑትም። ቀና ብለው ኃላፊዋን አዩዋት፤ ከዚያ ማስታወቂያውን። ምን ሊሉ እንደፈለጉ ገባት። ይህን ቃል በሕይወቷ ብላው አታውቅም፤ በሰው ፊት ቀልድ መናገር ያሳፍራታል። ጎንበስ ብላ ከእጃቸው ሥር ማይክራፎኑን ወሰደች።

«መጣችሁ ወይስ ሄዳችሁ?»

ከዚያ ማይክራፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጥርሱ በብርድ የሚንቀጫቀጭ ሰው ድምፅ መጣ።

«እትዬ? ጋሼስ የት ሄዱ? ታመዋል እንዴ?»

«ለምን ይታመማሉ?»

«ጠዋት ሙሉ ምን ብላቸው ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ ብቻ ሆነብኝ። ጉልበታቸውን ስጠይቃቸው እንኳን ተቀብያለሁ አሉኝ። አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ ፈራሁ። በሬዲዮ እንዳልጠይቅሽ እሳቸው ይሰሙኛል። ለዚህ ነው ድንጋዩ ላይ ወጥቼ የደወልኩልሽ። አላነሳሽም፤ ሣጥኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስወርድ አዳለጠኝ።»

ኃላፊዋ ጋሼን አየቻቸው። ፊታቸው ላይ የሆነውን ለመግለጽ ይከብዳል፤ ደስታም ነው፣ ኀፍረትም ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሊያሳየው የማይወደው ነገር ነው። ማይክራፎኑን መለሰችላቸው።

«አለሁ» አሉ ጋሼ። «አልታመምኩም። ኮርፌ ነው።»

«ማንን?»

«እህትህን።»

«እሷማ ታስኮርፋለች» አለ ረጅሙ። ከኋላው ቀስ በሉ «ቀስ በል፣ አትንቀሳቀስ» ሲል ተሰማ።

«እግርህ እንዴት ነው? ያምሃል? ጣቶችህን ታንቀሳቅሳለህ? ለብሰሃል? የሚሞቅ ነገር አጠጡህ?»

«አጠጡኝ ጋሼ። ጉልበትዎስ?»

«ከአንተ እግር ይሻላል።»

ስልክ ተቀባይዋ በመሐረቡ ውስጥ ሳቀች። ጋሼ ድንገት አንድ ነገር ያስታወሱ ይመስል ጣታቸውን ከማይክራፎኑ አነሱና ወደ ግድግዳው አዩ። ማስታወቂያው አራቱም ጥጉ ተጣብቆ እዚያው አለ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «መስመሩን ያዝኩት መሰለኝ።»

ኃላፊዋ ሌሎቹን ማግኔቶች አንድ በአንድ አየች። አረንጓዴው ቁርጭምጭሚቱ የወለመውን ይዞ ገብቷል፤ ቢጫው ረጅሙን ይዞ እየወረደ ነው፤ ደኑ ውስጥ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው የለም።

«ትንሽ ይያዙት» አለች። «ነገ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። በወረቀት ሳይሆን።»

«ሻይም ይኑረው» አሉ ጋሼ። «የዛሬውን ብቻሽን ነው የጠጣሽው። የብርጭቆውን ድምፅ ሰምቻለሁ።»

ፊቷ ጋለ። ጋሼም ወደ ማይክራፎኑ ተመልሰው ረጅሙን እናቱ ማታ ምን ትለው እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር። ኃላፊዋ ወደ ካርታው ሄደች። ሰማያዊው ማግኔት አሁንም ቁልቁል መንገዱ ላይ ነበር። መኪናው እዚያ የለም፤ እንዳቆመው ማማው ሥር ያድራል። አነሳችውና ወደ ቦታው መለሰችው።